ዐቂል ይመለስ ወይስ አይመለስ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ። አንድ ልብ ወለድ ለሦስት ሰው ምን እንደሆነ ግን የሚናገር ተረት አልተገኘም። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እትዬ ቢልቂስ ሻይ ቤት ከጥጉ ጠረጴዛ የሚቀመጡት ሦስት ጀማሪ ደራሲዎች ይህንኑ ለማወቅ ስድስት ወር ፈጅቶባቸዋል። የጻፉት አርባ ገጽ ነው፤ የተጨቃጨቁት ቢጻፍ አራት መቶ ይወጣዋል።

ሰፍዋን ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ወረቀቱም መጠረዣውም የእሱ ስለሆነ ራሱን አሳታሚ አድርጎ ሾሟል። ሁለተኛው ቀለሙ ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ስለ ከዋክብት ርቀት ማውራት ከጀመረ የሰው ሁሉ ሻይ ይቀዘቅዛል። ሦስተኛዋ ዚክራ ናት። ኮምቦልቻ አንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የተሰፋ ሸሚዝ እያገላበጠች ጉድለት ስትፈልግ ትውልና ቅዳሜ ከሰዓት ከቀለሙ ጋር በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ትመጣለች። ከሦስቱ መጻፍ የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ሁለቱም ያውቁታል፤ አይናገሩትም እንጂ።

መጽሐፉ የሚያስፈራ መጽሐፍ ነው። በርካሽ ወረቀት ታትሞ መናኸሪያ የሚሸጥ፣ ሽፋኑ ላይ ዓይን የበዛበት ጉም የተሳለበት፣ ተሳፋሪ ደሴ ላይ ገዝቶ ደብረ ብርሃን ሳይደርስ የሚጨርሰው ዓይነት። ከጦሳ ተራራ ጉም ይወርዳል። ጉሙ ውስጥ ከከዋክብት ማዶ የመጣ፣ ስም የሌለው ነገር አለ። የገባ ሰው አይወጣም።

«ብቻ ጂን እንዳይሆን» አለ ሰፍዋን። «ጂን ካልን ወላሂ ቁርኣን ይቀራበትና ምዕራፍ ሁለት ላይ ያልቃል።»

«ጂንማ ሰውን ያውቀዋል» አለ ቀለሙ። «ይወደዋል ወይም ይጠላዋል። ይሄ ጭራሽ አያውቀንም። ጉንዳን ረግጠህ ስታልፍ ጉንዳኑን ጠልተኸው ነው?»

ዚክራ ይህን ወደደችው። ወደደችው ማለትም ይበዛል። ጥርስ ለማስነቀል መርፌ የተወጋ ድድ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው የዚክራን ልብ ያውቀዋል፤ እዚያው አለ፣ ቢነክሱት ግን አይሰማውም። እንዲህ ከሆነ አራት ዓመቱ ነው።

ታላቅ ወንድሟ ሀፊዝ፣ ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ አክስታቸውን ሊያመጣ በማለዳ ወደ ኩታበር ሄደ። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ «ለምሳ እደርሳለሁ» ብሎ ወጣ። አክስትየዋ በሦስተኛው ቀን በእግሯ ብቻዋን ደረሰች፤ እሱን መንገድ ላይ አላየችውም። ከዚያ ወዲህም ያየው የለም። ሬሳ የለ፣ ወሬ የለ፣ ለቅሶም አልተቀመጡ። ዚክራ በእነዚህ አራት ዓመታት ስሙን ጠርታው አታውቅም። «ወንድሜ» ትላለች፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ «እሱ» ብላ ታልፋለች።

ከሦስት ሳምንት በፊት አባቷ አብዱልወሀብ ጠርተው አነጋገሯት። ሬሳው ለሌለ ሟች የሚሰገደውን ሶላት አሰግደው፣ ሰደቃ አውጥተው ቁርጣቸውን ማወቅ ይፈልጋሉ። «እናትሽ ዚክራ እሺ ካለች እሺ ብላለች። አንቺ ካላልሽ እኔም አላደርገውም» አሏት። «ላስብበት አባ» አለች። አላሰበችበትም። ማሰብ የሚጀመርበት ጫፉ ጠፍቷት ነው። አባቷም አልደገሙላትም፤ በደወሉ ቁጥር ስለ ጤናዋ ጠይቀው ስልኩን ይዘጋሉ።

የልብ ወለዱ ጭቅጭቅ ደግሞ ዐቂል በሚባለው አስተማሪ ላይ ነበር። ዐቂል ምዕራፍ ሰባት ላይ ጉሙ ውስጥ ይገባል። ዚክራ በሌላው ሁሉ እሺ ብላ በአንድ ነገር ድርቅ ብላለች፤ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ዐቂል ይመለስ። ቀለሙ በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ማንም እንደማይመለስ፣ ከተመለሰ ፍርሃቱ ውሃ እንደሚሆን ስድስት ወር ሙሉ ሲያስረዳት ከርሟል። ሰፍዋን ሻጩ ነውና ወደ ሁለቱም ያዘነብላል።

በዚህኛው ቅዳሜ ምዕራፍ ሰባትን ጽፋ አምጥታ ነበር። ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ የሸሚዝ ጉድለት እንደምትቆጥር ሁሉ ያለ ስሜት አነበበችላቸው።

«ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆለፈ። ለምሳ እደርሳለሁ አለ። ጉሙ መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ ወገቡን ዋጠው። ሰዎቹ ተጣሩ፤ የተመለሰላቸው የገዛ ድምፃቸው ነበር።»

እትዬ ቢልቂስ የሻይ ትሪ ይዘው ከጀርባዋ ቆመዋል። ጆሯቸው ደከም ያለ ነው። ግማሹን ይሰማሉ፣ ግማሹን ራሳቸው ይሞሉታል።

«ውይ የሰው ልጅ» አሉ። «ሬሳውስ ተገኘ?»

«አልተገኘም» አለች ዚክራ ከወረቀቱ ቀና ሳትል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ...» ብሎ ሰፍዋን ጀመረ።

«ስንት ጊዜው ነው ልጄ?»

«አራት ዓመት።»

ዐቂል ጉሙ ውስጥ ከገባ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላውም። ሰፍዋን የጀመረውን ሳይጨርስ ተወው። ቀለሙ ዚክራን አያት፤ ወዲያው ዓይኑን ወደ ሻዩ መለሰ።

እትዬ ቢልቂስ ትሪውን አስቀምጠው መዳፋቸውን ዘረጉ። «አላህ ይርሀመው። ቀብሩን ኑር ያድርግለት። ለእናቱ ሶብሩን ይስጣት።»

«አሚን» አለች ዚክራ።

ወሎ ውስጥ ዱዓ ከተደረገ አሚን ይባላል። ለማን ነው፣ በምን ምክንያት ነው ተብሎ አይመረመርም፤ ክርስቲያኑ ቀለሙ ሳይቀር መዳፉን ዘርግቶ አሚን ብሏል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ዚክራ ያለችውን ያወቀችው መዳፏን ፊቷ ላይ ስታብስ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሰው «አላህ ያምጣው» ሲላት ነበር አሚን የምትለው። አሁን ለሞተ ሰው የሚባለውን አሚን ብላ ጨረሰች።

እትዬ ቢልቂስ ትከሻዋን ዳበስ አድርገው ወደ ምድጃቸው ተመለሱ።

«ሳታውቂ ነው፤ አይቆጠርም» አለ ሰፍዋን ቀስ ብሎ።

ዚክራ አንድ ነገር እስኪሆን ጠበቀች። ምንም አልሆነም። ሻዩ ይጤሳል፣ ደጅ ባጃጅ ያልፋል። ልቧን ያደነዘዘው መርፌ ገና አልለቀቃትም። ስልኳን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች።

«አባ፣ ሶላቱ ለጁምዓ ይሁን።»

አባቷ ጠየቁ፤ «ወሬ ሰማሽ እንዴ?»

«አልሰማሁም። ሰው አላህ ይርሀመው ሲል አሚን አልኩ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሻይ የሚያፈሉ እናት ናቸው። አያውቁትም። የጻፍኩትን ሳነብ ሰምተው እውነት መስሏቸው ነው።»

«እውነት ነው እኮ ልጄ።»

ዚክራ በበሩ በኩል ወደ ውስጥ ብታይ ቀለሙ የምዕራፎቹን ዝርዝር ከፊቱ ዘርግቷል። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ፣ ዐቂል ይመለሳል የሚለውን እሷ የጻፈችውን መስመር ለመሰረዝ ስድስት ወር የታገለበት እስክሪብቶ እጁ ላይ ነው። አልሰረዘውም። እስክሪብቶውን ከድኖ ኪሱ ከተተው።

«እኒህን ሴትዮ አደራ እንዳትረሻቸው» አሉ አባቷ። «መጀመሪያ ዱዓ ያደረጉለት እሳቸው ናቸው፤ ጁምዓ መጥተው ከእናትሽ ጎን ይቀመጣሉ። ስማቸውን ንገሪኝ፣ እኔው ራሴ መጥቼ ልጥራቸው።»

«ሀፊዝ» አለች ዚክራ።

ቢልቂስ ብላ ልታርመው ነበር፤ አላረመችውም። በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። አባቷም አላረሟትም። ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ፣ አልቅሳ እስክትጨርስ ጠበቋት።