የጋሼ መግቢያ ስም

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ይሄን ካልነገርኩሽ ሆዴ ይፈነዳል። አንድ ሆስፒታል ኮምፒውተር ክፍል የገባች ልጅ አለች፤ ገና በሙከራ ላይ ናት። አለቃዋ "ከዚህ የለቀቁትን ሰዎች የኮምፒውተር መግቢያ ስም ሁሉ ዝጊ፤ አንድ ከቀረ ቅጥርሽን እርሺው" አላት። ስትዘጋ፣ ስትዘጋ ቆየችና የመጨረሻው ላይ ደረሰች። የጋሼ ነው። ጋሼ የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች ሀያ አመት ብቻቸውን ሲጠብቁ ኖረው አምና የሞቱት ሰውዬ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን ዛሬ ጠዋትም ገብተዋል ይላል!

ቶሎ ብላ ዘጋችው። ወዲያው ካርድ ክፍል በጩኸት ተናወጠ፤ የበሽተኞቹ ስም ከየስክሪኑ ጠፍቷል። አለቃው እየሮጠ መጣ።

"ምኑን ነው የነካሽው?"

"የጋሼን።"

አለቃው ግድግዳውን ተደገፈ። ለካ ጋሼ የበሽተኞቹ መዝገብ በየጠዋቱ በሳቸው ስም እንዲከፈት ማሽኑን አዘውት ኖሯል።

"ረዳት ስጠኝ፣ ስራውን ላሳየው እያሉኝ ስንት አመት ነገ፣ ነገ አልኳቸው… ክፈቺው ልጄ! ማንም እንዳይነካው!"

ከፈተችው። ስሞቹ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ከላያቸውም የጋሼ ጽሁፍ እንደ ወትሮው ብቅ አለ፦ "ደህና አደራችሁ ልጆቼ? መዝገቡ ተከፍቷል።"

የካርድ ክፍል ሴቶችም እንደ ልማዳቸው "ደህና፣ ጋሼ" ብለው ስራቸውን ቀጠሉ።

ምሳ ሰአት ላይ ልጅቷ የካርድ ክፍሏን ጓደኛዋን "መዝገብ መክፈቱን ወደኔ ስም ላዙረውና የሳቸውን ዘግቼ ልሸኛቸው?" አለቻት። ጓደኛዋ ቃል በቃል የመለሰችላት ይሄን ነው፦

"እሺ፣ አንቺንስ በኋላ ማን ይሸኝሻል?"