ባለ መስኮት ደብተሮች

ልጄ አራተኛ ክፍል ስትገባ ክፍላቸው ንግድ ጀመረ። ሐሳቡን ያመጣችው ቲቸራቸው ናት፤ ልጆቹ ሒሳብን ከሰሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በእጃቸውም ይማሩት ብላ ነው። ሥራው ደብተር መሸፈን ነው። ካኪ ወረቀት ይቆርጣሉ፣ ያጥፋሉ፣ የሌሎችን ክፍሎች ደብተር ያለብሳሉ፤ ትርፉን አጠራቅመው በዓመቱ መጨረሻ ሐይቅ ሊጎበኙ ይሄዳሉ። በአውቶቡስ። እዚያም ሲደርሱ በጀልባ።

ልጄ ይህን ስትነግረኝ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ንግድ ስትል ምንም አልመሰለኝም። አውቶቡስ ስትል ሳህኑን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። ጀልባ ስትል ግን አመለጠኝ።

"ተሰበረ?" አለ ባለቤቴ ከሳሎን።

"አልተሰበረም።"

"እንግዲያው ልጅቷም ምንም አትሆንም" አለና ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው።

ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ቆሞ ሽቦ ሲነካካ ውሎ ይመጣና ትራስ ሳይነካ እንቅልፍ ይወስደዋል። የእሱንም ድርሻ ጨምሬ የምሰጋው እኔ ነኝ።

ልጄ ግን እኔን ነው የወጣችው። ክፍል ውስጥ "ምናልባት" ይሏታል። እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ምናልባት ኮላው ቢያልቅስ? ምናልባት ወረቀቱ ቢረጥብስ?" ሳትል የምትውልበት ቀን የለም። ሥራ ሲከፋፈል ሥራ አስኪያጅ ያደረጉት ድምፁ ሦስት ክፍል ተሻግሮ የሚሰማ ልጅ ነው፤ እሱን "ማይክራፎን" ይሉታል። ልጄን ደግሞ የጥራት ተቆጣጣሪ አደረጓት። የወረቀት ባጅ ደረቷ ላይ ለጥፋ ቤት ስትገባ ባለቤቴ ተነስቶ ሰላምታ ሰጣት። እኔ መርፌ ቁልፉ እንዳይወጋት ነበር የማየው።

ዳይሬክተሯ ፈቃድ የሰጡት ለአንድ ሙከራ ብቻ ነው። የአንደኛ ክፍል ልጆችን የቤት ሥራ ደብተር፣ ሃምሳ ሁለቱን፣ ሸፍነው ዓርብ ጠዋት ይመልሳሉ። "አንድ ወላጅ አንድ ቅሬታ ይዞ ቢመጣ ሱቁ ይዘጋል" ብለዋል። ሱቁ ከተዘጋ ደግሞ ሐይቅ የለም።

ማክሰኞ ማታ ልጄ እራቷን ገፋ አድርጋ ወረቀት ዘረጋች። አሥራ ሰባት ጥያቄ ጽፋለች።

"እማ፣ ሽፋኑ ቢወልቅስ?"

"ይወልቃል እንጂ!" አልኳት። "የአንደኛ ክፍል ልጅ እጅ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? በማጠፍ ብቻ አይሆንም። ዙሪያውን ጠርዝ ጠርዙን ኮላ ቀቡት። መሀሉን ግን እንዳትነኩ፣ ይጨማደዳል።"

ጻፈች። አሥራ ሰባቱንም አንድ በአንድ ጨረስናቸው። ዝናብን አሰብን፣ የፈሰሰ ውኃን አሰብን፣ ሽፋኑን የሚበላ ሕፃንም አሰብን። ስንጨርስ ሁለታችንም ቀለል አለን። ከልጄ ጋር እንደዚያ ቀን ተደስቼ የተቀመጥኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

የምሠራው ልብስ ስፌት ቤት ነው። ኮት ነው የምንሰፋው፤ የእኔ ድርሻ የኪስ አፍ መክፈት ነው። ኮቱ እኔ ጋ ሲደርስ ብዙ ሰው ደክሞበታል። ጣት በምታህል ምላጭ የላዩን ጨርቅ ሰንጥቄ፣ ከሥሩ ያለውን ሳልነካ መመለስ አለብኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ኮት አላበላሸሁም። በየቀኑ ግን ዛሬ ማበላሸቴ ነው እያልኩ ነው የምጀምረው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ቲቸሯ ናት።

"ልጅዎ ደህና ናት፤ ግን…"

ከ"ግን" በኋላ ያለውን አልሰማሁም። አለቃችን ምን እንደሆንኩ ሲጠይቀኝም መልስ የሰጠሁት አይመስለኝም። መንገዱን ሙሉ በሐሳቤ ክንዷን ሰበርኩት፣ ጥርሷን አወለቅሁት፣ አምቡላንስ ጠርቼ ሆስፒታል አስተኛኋት። ትምህርት ቤቱ በር ስደርስ ጥበቃው "እመቤት፣ ሜትር አንገትዎ ላይ ነው" አለኝ። ሽርጤንም አላወለቅሁም።

ልጄ ክፍሉ ውስጥ በሁለት እግሯ ቆማለች። ክንዷም ጥርሷም ቦታው ነው። ግን ታለቅሳለች፤ ባጇን አውልቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች። ከባጁ አጠገብ ሃምሳ ሁለት ደብተር ተደርድሯል። ቀጥ ብሎ የታጠፈ፣ ማዕዘኑ የተስተካከለ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ።

"እንዴት ያምራል!" አልኩ።

"እሱ ነው ችግሩ" አለች ቲቸሯ። "የማን የማን እንደሆነ አይታወቅም።"

የልጆቹ ስም የተጻፈው ደብተሩ ፊት ላይ ነው፤ ማለትም አሁን ከካኪው ሥር ነው። ቆራጩ ቆርጧል፣ አጣፊው አጥፏል፣ ኮላ ቀቢው ቀብቷል፤ ሁሉም የራሱን ሥራ አሳምሮ ሠርቷል። ተቆጣጣሪዋም አሥራ ሰባቱን ጥያቄ ይዛ እያንዳንዱን ደብተር አገላብጣ አይታለች። ስም የሚል ጥያቄ ወረቀቷ ላይ አልነበረም። መዓት ስንቆጥር ያመሸነው ሁለት ሰዎች ይቺን አላሰብናትም።

"ገለጥ አድርጎ ማየት ነዋ" አልኩ።

"እማ፣ አይገለጥም" አለች ልጄ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። "ኮላ ነው።"

አንዱን ሞክረውት ነበር። ከካኪው ጋር የደብተሩ ጠርዝ ተቦጭቆ መጣ። ኮላ ያስቀባሁት እኔ ነኝ፤ አንገቴን ደፋሁ።

"ልጆቹ ራሳቸው ጽሑፋቸውን አያውቁትም?"

"እሱንም ሞከርን!" አለ ማይክራፎን፤ መስኮቱ የነዘረ መሰለኝ። "ስድስት ልጆች ጠራን። አሥር ከአሥር ያገኘውን ደብተር ስድስቱም የኔ ነው አሉ። አንዱ ሊነክሰኝ ነበር!"

"ዜሮ ያገኘውንስ?"

"እሱ ባለቤት የለውም። የሰነፍ ነው።"

ቲቸሯ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ነገ ጠዋት ስማቸው ተለይቶ ካልተመለሰ ዳይሬክተሯ ይዘጉታል። የጠራሁዎት ልጅዎ ማልቀስ አልተው ብላ ነው፤ ይዘዋት እንዲሄዱ።"

እውነቱን ልናገር። የመጀመሪያው ስሜቴ ደስታ ነበር። ሱቁ ከተዘጋ አውቶቡስ የለም። ጀልባ የለም። ልጄ ሁለት ቀን ታለቅስና ይወጣላታል፤ እኔም ዓመቱን ሙሉ እተኛለሁ። እጇን ያዝኩና "በይ ነይ እንሂድ" አልኳት።

አልተንቀሳቀሰችም። ሽርጤን እያየች ነበር። ምላጬ የሚቀመጥባትን ትንሿን ኪስ።

"እማ፣ ኮላው ጠርዙ ላይ ብቻ ነው። መሀሉን አልነካነውም፤ አንቺ ነሽ አትንኩ ያልሽን።"

"እና?"

"ስሙ መሀል ላይ ነው። ያንቺ ምላጭ ከሥር ያለውን አይነካም፣ አይደል?"

ልጆቹ ሁሉ ወደ ሽርጤ ዞሩ። "ይነካል" ብል ማንም አይከራከረኝም። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ልጄ ግን እንደዚያ አድርጋ ስታየኝ አይቼ አላውቅም፤ ሁሌ የምታየኝ አብረን ልንፈራ ነው።

"አይነካም" አልኩ።

"ምናልባት ቢነካስ?" አለች ወዲያው። ልጄ አይደለች!

"በመጥፎው እንሞክረዋ!" አለ ማይክራፎን ከተደረደሩት መሀል አንዱን መዞ። "ባለ ዜሮውን። ቢበላሽም የሚያለቅስለት የለም።"

"አንተ በምን አወቅህ?" አልኩትና ተቀበልኩት።

ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ። አንድ ያልተሸፈነ ደብተር አስመጥቼ ስሙ ከላይና ከጎን ስንት እንደሚርቅ ለካሁ፤ ልጆቹ ቁጥሩን ተቀባብለው ሰሌዳ ላይ ጻፉት። ከዚያ በካኪው ላይ በእርሳስ አራት ማዕዘን ሣልኩ። ቤት ውስጥ ስልክ ሲጠራ የሚንቀጠቀጥ እጄ ምላጭ ሲይዝ ይረጋል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። በአራት ስንጥቅ ካኪው ብድግ አለ። ልጆቹ ከጀርባዬ ተደራርበው ስለነበር የአንዱ ልጅ አገጭ ትከሻዬ ላይ ነበር።

ከሥሩ ስሙ ወጣ። አንድም ጭረት የለበትም።

ማይክራፎን ጎንበስ ብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ጆሮው ቀላ።

"የማን ነው?" አሉት።

ደብተሩን አንስቶ ደረቱ ላይ አቀፈው።

"የማን ነው እኮ?"

"የእህቴ" አለ። እንዲህ ዝቅ ብሎ መናገር የሚችል መሆኑን ቲቸሯም ያወቀችው ያን ቀን ነው።

ሳቁ ሲፈነዳ ልጄም ሳቀች፤ በእንባዋ ላይ። ቲቸሯ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ መስመር ሠራን። ሁለት ልጆች ይለካሉ፣ ሁለት በእርሳስ ይሥላሉ፣ እኔ እሰነጥቃለሁ፣ ልጄ ባጇን መልሳ ለጥፋ ስሙን ከስም ዝርዝሩ ጋር ታመሳክራለች። ምላጩን ማንም እንዳይነካ ሁለት ሜትር ራቁ ብዬ ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር አሠመርኩ። ማይክራፎን መስመሩ ላይ ቆሞ "ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!" እያለ ጠበቀልኝ። ሃምሳ ሁለተኛው ደብተር ሲያልቅ ጥበቃው በሩን ሊዘጋ ቁልፉን እያንቃጨለ ነበር።

ዓርብ ሥራ ቦታዬ ሆኜ ቅሬታ ይመጣል ብዬ ስልኬን ስጠብቅ ዋልኩ። አልጮኸም። ይህ ደግሞ ሌላ ስጋት ሆነብኝ፤ ምናልባት ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ለባለቤቴ ደወልኩ።

"ሃሎ?"

"ይሠራል" አልኩና ዘጋሁት።

ልጄ ስትመጣ ከበሩ ጀምራ ነበር የምትናገረው። የአንደኛ ክፍል ልጆች በመስኮቷ ጣታቸውን እየሰደዱ ስማቸውን ሲነካኩ ዋሉ። የሁለተኛ ክፍል ልጆች የኛም ይሸፈን፣ ግን ባለ መስኮት ካልሆነ አንፈልግም አሉ። ዳይሬክተሯ አንዱን አንስተው አገላብጠው አዩና "ይሄ መስኮት ከመጀመሪያውም በእቅዱ ነበረ?" ብለው ጠየቁ።

"ምን አላችኋቸው?"

"ማይክራፎን አዎ ሊል አፉን ሲከፍት አልነበረም አልኩ። ስህተት ነበር አልኩ።"

"እና?"

"ሳቁ። ቀጥሉ አሉ። ግን አሁን ከመለጠፋችን በፊት በመቀስ ነው የምንቆርጠው፤ ምላጭ አያስፈልግም።" ትንሽ አሰብ አደረገች። "ይቅርታ፣ እማ። ከሥራ ወጥተሻል ማለት ነው።"

አባቷ እስኪያስለው ሳቀ።

ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ቅጹ መጣ። አንድ ገጽ ነው። ከታች በነጠብጣብ የተለየ ቁራጭ አለው፤ "ፈቅጃለሁ" እና "አልፈቀድኩም" ይላል፣ ተሞልቶና ተቆርጦ የሚመለስ። ሦስት ቀን በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። በአራተኛው ቀን ልጄ እርሳስ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች። ጎኑ ላይ ደግሞ አንድ ወረቀት፤ ለጀልባው ባለቤት የሚቀርቡ ጥያቄዎች ናቸው። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ስምንት ናቸው። አሥራ ስምንተኛው "ያላሰብነው ነገር አለ?" ይላል።

"ፈቅጃለሁ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ከሥሩ በቀረችው ክፍት ቦታ በደቃቅ ጽሑፍ "ልጄ ዋና አትችልም" ብዬ ጻፍኩ። አልበቃኝም፤ "አባቷም አይችልም፣ እኔም አልችልም" ብዬ ጨመርኩበት። ከዚያ ምላጬን አውጥቼ ቁራጩን በነጠብጣቡ ላይ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩት።

ልጄ ተቀብላ አነበበችው።

"እማ፣ አንቺ ዋና መቻል አለመቻልሽ ለምን ተጻፈ? ትሄጃለሽ እንዴ?"

"ምናልባት" አልኳት።