ቢጫው ዓሣ

ኤልስፔት ካዊ የስኮትላንድን ዋና ከተማ ኤድንብራን አትወድም። በሰባ ሁለት ዓመት ዕድሜዋ ከባኪ ወደብ ተነስታ ወደዚህ ከተማ የመጣችው አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ አራቱንም ጊዜ እየተነጫነጨች ተመልሳለች። አሁን ለአምስተኛ ጊዜ የመጣችው የቤተሰቡ ጠበቃ ቢሮውን እዚህ በማድረጉ ነው። ነገ ጠዋት ሟቹ ባሏ ዋቲ ያቋቋመውን የዓሣ ማጨሻ ቤት ለልጇ ለኮሊን ትፈርምለታለች። ማለትም፣ ልቧ ካመነበት። ኮሊን ሥራውን ያውቃል፤ ነገር ግን ሰው ፊት ቶሎ ይለዝባል። እሷ ደግሞ ለዘብተኛ ሰው አይዋጥላትም።

«ፓስታ ብንበላስ፣ እማዬ? እዚያ ማዶ ጥሩ የጣሊያን ቤት አለ» አላት ኮሊን፣ ዝናቡ አናታቸው ላይ እየወረደ።

«በገዛ አገሬ ፓስታ? የአገሬን ምግብ ነው የምበላው። ይኸው፣ እዚህ እንገባለን።»

«እዚህስ ባንገባ...»

«ምን ያቅለሰልስሃል?» አለችና በሩን ገፍታ ገባች።

ምግብ ቤቱ ለአገር ጎብኚ የተዘጋጀ ነው። ግድግዳው ላይ የአጋዘን ጭንቅላት ተደርድሯል። ወንበሩ፣ መጋረጃው፣ የሽንት ቤቱ በር ሳይቀር ባለ ካሬ ጨርቅ ለብሷል። ኤልስፔት ዙሪያውን ቃኘችና «ዕድለኛ ከሆንን ሾርባው ራቁቱን ይመጣልናል» አለች።

አስተናጋጁም የአገሩ ወንዶች የሚለብሱትን፣ ካሬው እንደየጎሳው የሚለያየውን ቀሚስ ታጥቆ መጣ።

«የየትኛው ጎሳ ነው ይሄ ጨርቅ?» ጠየቀችው።

«የቤቱ ነው፣ እማማ። ወደ ቤቴ ስሄድ አውልቄ እመልሳለሁ።»

«ጎበዝ። ባትመልሰውም ፈልጎ የሚመጣ ጎሳ የለም።»

ጎናቸው ያሉት ጎብኚዎች ሃጊስ አዘው ነበር። ሃጊስ የበግ ጉበትና ልብ ከአጃ ጋር ተፈጭቶ የሚቀቀል፣ ደሃ ሆዱን የሚሞላበት ምግብ ነው። እዚህ ግን ድንች ከላይ ተጭኖበት፣ ፎቅ መስሎ፣ አናቱ ላይ ቅጠል ተሰክቶ ቀረበ። ሰዎቹ ተነስተው ፎቶ አነሱት። አንደኛዋ በሹካዋ ጫፍ ነካ አድርጋ ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች። ኤልስፔት በአፍንጫዋ ሳቀች። በሆድ ዕቃ እንዲህ የሚመሰጥ ሰው ቁርሱን ምን ሲበላ ኖሮ ይሆን?

እሷ ያዘዘችው የከለን ሾርባ ነበር፦ ወተት፣ ድንች፣ ሽንኩርትና የታጨሰ ሃዶክ ዓሣ። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል። ሳህኑ መጣ። ሾርባው ቢጫ ነው። የጫጩት ላባ የመሰለ ቢጫ።

ማንኪያዋን መልሳ አስቀመጠች።

«ተመልከት። ተመልከት፣ ኮሊን! በደንብ የታጨሰ ዓሣ ነጣ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ወተቱም ወተት ሆኖ ይቀራል። ይሄ ቀለም ውስጥ ተነክሮ የወጣ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እሳት መጠበቅ የከበደው ሰነፍ የሠራው ነው። ሌባ! አጭበርባሪ! ዋቲ ቢያይ ከነሣጥኑ ባሕር ውስጥ ነበር የሚወረውረው።»

«እማዬ፣ ቀስ በይ።»

«አልልም። አንተ፣ ባለ ቀሚሱ! ይህን ዓሣ የሚያመጣላችሁ ማነው? ስሙን ልወቀው።»

«ተይው፣ እማዬ፣ በናትሽ...»

አስተናጋጁ ግን የተመሰገነ መስሎት ፈገግ አለ። ወጥ ቤት ገብቶ የሣጥን ክዳን ይዞ ወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። ጽሑፉ በሰማያዊ ቀለም ነው፦ ዋቲ ካዊና ልጁ፣ ባኪ።

ኤልስፔት ሁለት ጊዜ አነበበችው። አስተናጋጁ እስኪሄድ ጠበቀች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«የከተማ ምግብ ቤቶች ነጩን ስንልክላቸው ሣጥኑን እንዳለ ይመልሱት ነበር» አለ ኮሊን፣ አንገቱን ደፍቶ። «ነጭ ከሆነ አልታጨሰም ይሉናል፣ ከርሟል ይሉናል። ከተሜ ቢጫ ካላየ ጭስ መኖሩን አያምንም።»

«ከተሜማ ደንቆሮ ነው! አንተ ግን የዋቲ ልጅ ነህ። አባትህ ይህን ጉድ...»

«አባዬ ነው የጀመረው።»

ኤልስፔት ክዳኑን ገልብጣ አስቀመጠችው።

«ከመሞቱ ዘጠኝ ዓመት በፊት። አንቺ ከፊት ለሰፈሩ ሰው ነጩን ስትሸጪ፣ የከተማውን እኛ ጓሮ ሆነን እንነክር ነበር።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ? እኔ ሚስቱ አይደለሁም? ለምን አልነገረኝም?»

«ማን ደፍሮ ይንገርሽ?» ኮሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ሌባ፣ ሰነፍ፣ አጭበርባሪ። አሁን ያልሽውን ሁሉ ያኔም ለሌላው ሰው ስትይ አባዬ ይሰማሽ ነበር። ‹ለእናትህ እንዳትነግራት፣ ቤቴ ስገባ እንኳ ልረፍ› ነበር የሚለኝ።»

የምትሰድበው ፈለገች። አጋዘኖቹን አየች፣ ፎቅ እያፈረሱ የሚበሉትን ጎብኚዎች አየች፣ ቀሚሱን አየች። አፈረች፤ በዋቲ አልነበረም ያፈረችው። አርባ ስድስት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው የሚያርፈው ጓሮ ሄዶ ነበር።

«እሱ ራሱ ይበላው ነበር? ቢጫውን?» አለች በመጨረሻ።

«ሐሙስ ሐሙስ። ምድጃው ላይ ሾርባ እንሠራና ሣጥን ገልብጠን እንቀመጣለን። ይጫወታል፣ ይስቃል። ሲዘፍንም ሰምቼዋለሁ።»

«ዋቲ ይዘፍናል?»

«አዎ።»

ኤልስፔት ማንኪያዋን አነሳች። ሾርባው በርዷል፤ ቢሆንም እስከ ታች ጠጣችው። አስተናጋጁ መጥቶ እንዴት እንደነበር ጠየቃት።

«ጨው ያንሰዋል» አለችው። ከዚያም ወደ ኮሊን ዞር አለች። «ነገ እፈርምልሃለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ግን ለእኔም አንድ ሣጥን ገልብጥልኝ።»