የጾም ፕላስቲክ

«ለፋብሪካችን ሠራተኞች በሙሉ! ዛሬ ነሐሴ ሰባት ቀን 1976 ዓ.ም. በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ኩባያ ውኃ ይዟል። ኩባያው ውኃውን እንደያዘ ይገኛል። አብዮታዊ ሰላምታችንን እናቀርባለን!»

ይህን ያነበብሁት እኔ ነኝ። በልብስ ቁልፍና ማበጠሪያ ፋብሪካው የድምፅ ማጉያው ሠራተኛ ስለነበርሁ፣ ከእኔ አፍ ያልወጣ ነገር በግቢው እንደተፈጸመ አይቆጠርም ነበር። አንብቤ ስጨርስ በመስኮት አየሁ። ሰው ከማሽን ክፍል ወጥቶ ዝናብ ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። ኩባያ ውኃ ያዘ ተብሎ ሲጨበጨብ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ያላጨበጨበ ሰው ምን እንደሚሆን ግን ቀደም ብዬ አይቼ ስለነበር፣ እኔም ማይክራፎኑን አስቀምጬ አጨበጨብሁ።

ኩባያው ከቀትር በኋላ እንደ እንጀራ መታጠፉ በማስታወቂያው አልተጻፈም።

የሠራው አምሐ ነው፤ የእኅቴ የአደይ ባል፣ የፋብሪካው ኬሚስት። ጥሬ ዕቃ ከውጭ መምጣት ባቆመ ጊዜ ማሽኖቹ ዝም አሉ። አምሐም እንደነሱ ዝም ቢል ደኅና ነበር። የፖለቲካ ኀላፊያችን ጓድ ደሞዝ ግን ስብሰባ ላይ፣ «ለመሆኑ ፕላስቲክ ከምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ፤ አምሐም የተማረ ሰው አመል ይዞት መለሰ። ከተክልም እንደሚሠራ፣ ከበቆሎ ስታርች፣ ከጉሎ ዘይት፤ ያረጀ ፕላስቲክም ታሽጎ ቢበስል ወደ ዘይትነቱ እንደሚመለስና ከዘይቱ እንደገና አዲስ ፕላስቲክ እንደሚወጣ አስረዳ። «ይቻላል» ካለ በኋላ «ትልቅ ፋብሪካና ብዙ ዓመት ካለ» ሊል ነበር። ጓድ ደሞዝ «ይቻላል» ላይ ማጨብጨብ ጀመረ። ጭብጨባው ሲያልቅ ለቀሪው ዓረፍተ ነገር ቦታ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ከሰባታሚት መንደር ጉሎ በጆንያ ይመጣ ጀመር። የተቀደደ ጀሪካንና የተበጠሰ ኮንጎ ጫማ ከየቀበሌው ተሰበሰበ። አምሐ በርሜል አሽጎ ሲያነድድ ሽታው ጣና ዳር ድረስ ይሄዳል። ጉማሬዎቹ ሳይቀሩ ሸሹ ተባለ፤ ይህን እኔ አላየሁም፣ አላነበብሁምም።

አንድ ቀን የሻይ ክፍሏ ወይዘሮ የሺመቤት ትሪ ይዛ ገባችና ዱቄቱንም ዘይቱንም አየች።

«ወተት አለበት?»

«የለበትም፣ እትዬ የሺ።»

«ሞራስ?»

«ሁሉም ከተክል ነው።»

«እሰይ፣ የጾም ፕላስቲክ ነዋ!» ብላ ሳቀች።

ሌላ የሳቀ የለም። በማግሥቱ ጓድ ደሞዝ አምሐን ጠራው።

«የአብዮቱን ምርት ‹የጾም› የሚሉ አድኃሪያን አሉ ተብሏል። አንተ ትጾማለህ እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ!»

«እኔም እንደዚያው» አለ ጓድ ደሞዝ፣ በሩን አየት አድርጎ።

ፍልሰታ ገብታለች። ከተማው በሙሉ ቅዳሴ እስኪወጣ አፉን አያረጥብም። ሥልጣን ያለው ሰው መጾሙ ከታወቀ ግን ሥልጣኑም አብሮት ይጾማል፤ ስለዚህ በሥልጣን ላይ ያለ ሁሉ የማይጾም ነበር።

ማስታወቂያውን ባነበብሁበት ቀን አመሻሽ ላይ ሹም አቦ ሰፈር፣ እነ አደይ ቤት ሄድሁ። በማግሥቱ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ኤግዚቢሽን ምርት የሚመርጡ ትልቅ ሰው ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። በኩባያው ውኃ እንደሚጠጡ ጓድ ደሞዝ በቴሌፎን ቃል ገብቷል። አምሐ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ያያል።

«ውኃ ሲቆይበት ይልማል» አለኝ። «ስታርች አይደል? እንደተቀዳ ከጠጡት ምንም አይል። አንተ ንግግሩን አሳጥርልኝ።»

«እኔ ማይክራፎን እይዛለሁ እንጂ አፍ አልይዝም። እዚህ አገር ንግግር ሲያጥር አይተህ ታውቃለህ?»

«የአካሉን ሚስት ገበያ ላይ አገኘኋት፣ ወንድም ጋሼ» አለች አደይ። አካሉ የፋብሪካው መካኒክ ነበር። ማሽን ተሰበረበት፤ የኢኮኖሚ አሻጥር ተባለና ታሰረ። ሚስቱ በየቀኑ ስንቅ ስትወስድለት ሰነበተችና አንድ ጧት፣ ከእንግዲህ አታምጪ አሏት። «ሳህኑን መለሱልኝ ነው የምትለው» አለች አደይ። «ሌላ ወሬ የላትም። ሳህኑን መለሱልኝ።»

አደይ ከስንት ዓመት ምኞት በኋላ ነፍሰ ጡር ነበረች። ጽንሱን አምሐ «ለእመቤታችን ተስዬ ነው ያገኘሁት» ይል ነበር፤ ስለቱም ፍልሰታን ጠብታ ውኃ ሳይቀምስ፣ ቅዳሴ እየጠበቀ ሊጾም ነው።

እንግዳው በቀትር ደረሱ። ስማቸው ጓድ ገብሬ ነው። ሙሉ ስማቸው ገብረ ኪዳን መሆኑን ያወቅሁት፣ እንዳነበው በተሰጠኝ ወረቀት ላይ «ኪዳን» የሚለው ስለተሰረዘ ነው። ሁለት ዝምተኛ ሰዎች ተከትለዋቸው ገቡና በሩ አጠገብ ቆሙ። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴ ኩባያዎች ተደርድረዋል። የሺመቤት ከዳር እስከ ዳር ውኃ ሞልታ ወጣች። አምሐ ውኃው ሲቀዳ ዓይኑን ጨፈነ።

ጓድ ደሞዝ ንግግር አደረገ። ጓድ ገብሬ ንግግር አደረጉ። በመጨረሻ ኩባያቸውን አነሡ።

«ለእናት አብዮት!»

ሁላችንም አነሣን። ኩባያዎቹ እስከ አገጭ ደረሱ፤ እዚያው ቆዩ፤ ተመልሰው ወረዱ። አንድም ሰው አልጠጣም።

የአምሐ ፊት አመድ መሰለ።

«ከምን ነው የተሠራ አላችሁ?» አሉ ጓድ ገብሬ።

«ከቆሻሻና ከጉሎ፣ ጓድ!» አለ ጓድ ደሞዝ በኩራት።

«ጉሎ ፍሬው መርዝ አይደለም እንዴ?»

በሩ አጠገብ ካሉት አንደኛው ክብደቱን ወደ ሌላ እግሩ አዛወረ።

«ዘይቱ ሲጣራ መርዝነት የለውም፣ ጓድ» አለ አምሐ።

«እርስዎስ ጓድ ደሞዝ፣ ለምን አልጠጡም?»

«እኔ... ጉሮሮዬን ይዞኛል። ሐኪም ቀዝቃዛ ከልክሎኛል።»

አስተዳዳሪው ኩላሊታቸውን አመማቸው። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጥርሱን ነቅሎ ነበር። እንዲህ ያለ በሽተኛ ጠረጴዛ ሐኪም ቤትም አላየሁ። እኔም ስጠየቅ፣ ማይክራፎን የያዘ ሰው አይጠጣም አልሁ፤ እንደዚያ ያለ ደንብ የለም።

«እንግዲያ የሠራው ይጠጣ» አሉ ጓድ ገብሬ።

አምሐ ኩባያውን በእጁ ያዘ። አየው። የኩባያው ከንፈር ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ጀምሯል። ጠጣ ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። የአምሐ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ከማን ጋር እንደሚነጋገር አውቃለሁ፤ በአደይ ሆድ ስላለው ልጅ እንደሆነም አውቃለሁ።

«አልጠጣም፣ ጓድ» አለ። «ሆዴን... አሞኛል።»

ጣሪያው ላይ ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ጓድ ገብሬ አምሐን ትክ ብለው አዩት። የገዛ ምርቱን መጠጣት የፈራ ኬሚስት ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ሁላችንም እናውቃለን። ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ከበሩ ተነሥቶ በዝግታ ወደ አምሐ ወንበር መጣ፤ ከኋላው ቆመ። እኔ የታየኝ አደይ ሳህን ይዛ ነው።

ያን ጊዜ ከጊዮርጊስ በኩል ደወል ተደወለ። ቅዳሴ ወጣ።

ማንም ወደ መስኮቱ አልዞረም። የጓድ ገብሬ እጅ ግን ብቻዋን እንደምታስብ ሁሉ ተነሥታ ኩባያውን ያዘች። ኩባያው ለምቶ ጎኑ ስለታጠፈ ባንድ እጅ የሚነሣ አልሆነም። ሁለቱን መዳፋቸውን አገጣጥመው ከሥር ደገፉት፤ ጎንበስ አሉ፤ ጠጡት። ጓድ ደሞዝ እንደዚያው ጠጣ። አስተዳዳሪው፣ ሊቀ መንበሩ፣ አምሐ፣ እኔ፣ ሁላችንም በሁለት እጃችን ታቅፈን ጠጣን። ከአምሐ ወንበር ኋላ የቆመው ሰውዬ በትከሻው ላይ እጁን ሰድዶ፣ ባለቤት ያልመጣለትን ኩባያ አነሣ።

ጓድ ገብሬ መዳፋቸው ላይ የቀረችውን ጠብታ አዩአት። ከዚያም ፊታቸውን አበሱባት።