የኋላ ግራው ጎማ

ባሌና ወንድሙ ከተኳረፉ ወዲህ እኛ ግቢ ውስጥ የሚነገር ነገር ሁሉ የሚያልፈው በአማቴ በእማማ አፍ ነው። ሁለቱም አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ አንዳንዴም አንድ ኮፈን ሥር አንገታቸውን ቀብረው ይውላሉ፤ ግን አንዱ ሌላውን «ያንን ቁልፍ አቀብለኝ» ከሚል ሞቱን ይመርጣል። ጋራዡና ቤታችን ፊት ለፊት ስለሆኑ እማማ በወጥ ቤቱ በራፍ ላይ ይቆሙና ለሁለቱም ይዳረሳሉ።

የጠቡ መነሻ አንዲት ብሎን ናት። ባሌን ደንበኞቹ «ጋሽ አጥብቄ» ይሉታል፤ ያሰረውን ተመልሶ ካላጠበቀ እንቅልፍ አይወስደውም። አንድ ቀን ታናሽየው፣ ሪዝ አብቅሎም አቡሽ የምንለው፣ አስሮ የጨረሰውን ሥራ ባሌ ባለመኪናው ቆሞ እያየ እንደገና አጠበቀው። አቡሽ እጁን ጠራርጎ ወጣ። ማታ ለእናቱ፣ «እጄን ካላመነው ሥራዬን አይንካ፤ እኔም የሱን አልነካም» አላቸው። በማግስቱ መፍቻዎቹን ተከፋፈሉ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ያሰረውን ሌላው በዓይኑም አያይም።

እማማ ደግሞ መልእክት ሲያደርሱ እሾሁን ነቅለው ነው። እሾህ ብቻ የሆነ መልእክት ሲደርሳቸው አበባውን ከራሳቸው ይጨምራሉ። ስድብ ሲጀመር ጆሯቸው ወዲያው ይዘጋል፤ ይህን ተፈጥሮ እኔም ብታደል ደስ ባለኝ።

የዚያን ሰሞን የባሌ እህት መውለጃዋ ደርሶ ነበር። ስንት ዓመት ተጠብቆ የመጣ የመጀመሪያ ልጅ ነው። ያለችው ሩቅ አገር ነው፤ ማልዶ የተነሣ ማታ የሚገባበት፣ ከከተማው ወጣ እንዳሉ በትልቁ ቁልቁለት የሚጀምር መንገድ። እማማ፣ «ከልጄ ራስጌ ሳልቆም ብትወልድ ሰው አይደለሁም» ብለው ማሉ። ስለዚህ የናፍጣ ፒክአፓችን መዘጋጀት ነበረባት። እሜቴ ነው የምንላት፤ ሲያሻት ትነሣለች፣ ሳያሻት ሠፈር ተሰብስቦ ቢገፋትም ፍንክች አትልም። ነጂው አቡሽ ነው። ሥራውን ሳይነጋገሩ ተካፈሉት፦ ከኮፈኑ ሥር ያለው የአቡሽ፣ ጎማና ፍሬኑ የባሌ።

ጠዋት አቡሽ የናፍጣ ፊልትሮውን ቀየረና ቁልፉን አዞረ። ማስነሻው ሞተሪኖ ተንጫረረ፣ እሜቴ አልተነሣችም። ደገመ። ባሌ ከመኪናዋ ሥር በጀርባው እንደተኛ ጮኸ።

«እማዬ! ለዚያ ችኩል ልጅሽ ንገሪው፤ አየሩን ሳያስወጣ እንዲህ ካንጫረራት ባትሪዋን ይገድለዋል!»

አቡሽ የቆመው ከባሌ እግር ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። እማማ ግን እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራርገው ሄዱና፣ «የኔ ልጅ፣ አየሩን ብታስወጣው ምን ይመስልሃል ይልሃል ወንድምህ» አሉት።

«ለአዋቂው ልጅሽ ንገሪው፤ አየር የሞላው የሱ ጭንቅላት ነው!»

እማማ ወደ መሬት ጎንበስ አሉና፣ «አመሰግናለሁ ይልሃል» አሉ።

እኔን ሳቅ አፈነኝ። አቡሽ የፊልትሮውን ፖምፓ በመዳፉ ጫን ጫን አድርጎ አየሩን አስወጣ፤ እሜቴም ጥቁር ጭስ ተፍታ ተነሣች። ሁለቱም የተባባሉትን በቀጥታ ስለሚሰሙ እማማ የሚቀቡት ማር ጉዳት አልነበረውም። እኔም ጉዳት ይኖረዋል ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ረፋዱ ላይ አቡሽ ጀሪካኖቹን በጋሪ ጭኖ ናፍጣ ሊያመጣ ወጣ። ባሌ የኋላውን የፍሬን ሸራ ቀይሮ ነበር፤ ቀኙን ጨርሶ አውርዶታል። እሜቴ በግራ በኩል በክሪክ ተንጠልጥላ፣ ጎማውን ሰክቶ ብሎኖቹን በጣቱ እያሾረ ሳለ አንድ ታክሲ ነጂ እያለከለከ ገባ። ጎማው መሀል መንገድ ላይ ፈንድቶ መኪና ሁሉ ከኋላው ተገትሮ ይጮህበታል፣ መፍቻም የለውም። ባሌ የጎማ መፍቻውን ይዞ ተከተለው። በሩ ጋ ሲደርስ ለእማማ የሆነ ነገር ሲጮህ ሰማሁ። ጓዳ ውስጥ ብርድ ልብስ እያጠፍኩ ስለነበር ቃሉን አልለየሁትም።

ብዙም ሳይቆይ የእማማ ስልክ ጮኸ። አማቻቸው ነው። ምጥ ጀምሯታል።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ተደበላለቀ። እማማ ነጠላቸውን ፍለጋ ይዞራሉ፣ ነጠላው ትከሻቸው ላይ ነው። አቡሽ ከነጀሪካኑ ገባ፤ ወሬውን ሲሰማ ናፍጣውን እየገለበጠ፣ «ጎማውን ጨርሶታል?» አለ።

«ጨርሶታል የኔ ልጅ» አሉ እማማ። «መንገድህ ቀና ይሁን ብሎሃል።»

ይህን በጆሮዬ ሰማሁ። ባሌ እንዲህ ብሎ አይመርቅም፤ የተለመደው ማር ነው ብዬ አለፍኩት።

አቡሽ የኋላ ግራው ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አለ። እጁ ወደ አንዱ ብሎን ተዘረጋ። ይህን ዛሬም ድረስ አልረሳውም፤ ጣቶቹ ሊነኩት ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ መለሳቸው። ክሪኩን አወረደ፣ ከወንበሩ ጀርባ ወረወረው። ጭነቱን በሸራ ሸፍነን አሰርን። እማማ ገቢናው ውስጥ ከፍ ብለው ተቀመጡና፣ «ልጄን ሳልስመው ሄድኩ፤ አንቺ ሳሚልኝ» አሉኝ። እሜቴ ወጣች።

ባሌ ሲመለስ መፍቻውን ትከሻው ላይ አድርጎ እያፏጨ ነበር። ታክሲው ከኋላው ተከትሎ በራፋችን ላይ ቆሟል፤ ነጂው ምሳ ካልጋበዝኩ ብሎ ነው። ባሌ ግቢው መሀል ደርሶ ፉጨቱን አቆመ። መሬቱ ላይ የክሪኩ ምልክት ብቻ ነበር።

«መኪናዋስ?»

«ሄዱ። ምጥ ጀመራት ተብሎ...»

«እንዴት ሄዱ? ጎማውን ማን አጠበቀው?»

«አንተ ነሃ! ጨርሶታል፣ መንገድህ ቀና ይሁን ብሎሃል ብለው እማማ ነግረውታል።»

«እኔ? መንገድህ ቀና ይሁን? እኔ?» ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ያልኳት... የኋላ ግራው ገብቷል በይው፣ ግን ያ ችኩል ልጅሽ ሳልመጣ እንዳያወርዳት፤ ገና በጣቴ ነው ያሰርኩት፣ ከነዳት ጎማው ቀድሞት ይደርሳል ነው ያልኩት!»

ከዚያ በላይ ማብራራት አላስፈለገም። «ገብቷል» የሚለውን ሰምተዋል። «ያ ችኩል» ሲል ጆሯቸው ተዘግቷል። 

ወደ እማማ ስልክ ደወልኩ። ጓዳችን ውስጥ፣ ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ጮኸ። ወደ አቡሽ ደወልኩ፤ ጮኾ ጮኾ ተዘጋ። ባሌ መፍቻውን እንደያዘ አፌ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቆሟል። ደግሜ ስደውል ተነሣ።

«እትዬ፣ እየነዳሁ ነው። ምነው?»

«አቁም! አቡሽ፣ በፈጠረህ አቁም! የኋላ ግራው ጎማ አልጠበቀም!»

 ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «እሱ ነው አይደል ያስደወለሽ? የኔን ማጥበቅ አልበቃ ብሎት አሁን የራሱንም እንደገና ሊያጠብቅ አማረው? ለባልሽ ንገሪው፤ እህቴ ምጥ ላይ ናት፣ ለሱ አመል ስል ቁልቁለት አፋፍ ላይ መኪና አላቆምም።»

«አመል አይደለም! እውነቱን...»

«ደህና ሁኚ እትዬ።»

ባሌ ስልኩን ከእጄ መነጨቀው። ጆሮው ላይ አስጠጋው፣ ግን ድምፅ አልወጣውም።  ስንት ጊዜ ሙሉ ያልጠራውን ስም ከየት ያምጣው! አሁን ይዘጋበታል ብዬ ልጮህበት ስል ተናገረ።

«አቡሽ።»

ከስልኩ ውስጥ የእሜቴ ሞተር ብቻ ይሰማል።

«አቡሽ፣ እኔ ነኝ። እንዳትዘጋው። አላጠበቅሁትም። በጣቴ ነው ያለው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ፍሬን በኃይል እንዳትይዝ። ነዳጁን ልቀቅ፣ ማርሽ ቀንስ፣ ወደ ተራራው ጥግ አስጠግተህ ቀስ ብለህ አቁማት። ቀስ ብለህ፣ የናቴ ልጅ።»

የሞተሩ ድምፅ ቀጠለ። ባሌ ዓይኑን ጨፍኗል።

«ጋሼ» አለ አቡሽ። ድምፁ ሌላ ሆኗል። «ከኋላ ኳ ኳ የሚል ነገር አለ። ጭነቱ መስሎኝ...»

ስልኩ ተቋረጠ።

ብንደውል፣ ብንደውል አይገኝም። ቁልቁለቱ ላይ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ማወቅ ምን ያደርጋል? ታክሲ ነጂው ነገሩ ገብቶት ሳንነግረው በሩን ከፈተ። ባሌ ከፊት ገባ፣ እኔ ከኋላ። መፍቻውን ጭኑ ላይ አጋድሞ በሁለት እጁ ጨብጦታል።  እኔ በልቤ ለእማማ ያልተሳልኩት ስለት የለም፤ ወዲያው ደግሞ እነዚህን ሁለት ጉረኞች እረግማለሁ። አፍ እያላቸው! በአሮጊት አፍ እየተሰዳደቡ እዚህ አደረሱን። ነጂው የቻለውን ያህል ቢነዳም መንገዱ ባለበት የቆመ መሰለኝ።

ቁልቁለቱ ጋ ደረስን። ባሌ ወደ ገደሉ ነው የሚያየው። እኔ ወደ ተራራው ጥግ ብቻ ነው የማየው፣ ወደ ገደሉ ለማየት አልደፈርኩም። አንዱን መታጠፊያ አለፍን። ባዶ ነው። ሌላውን ስንታጠፍ የሸራው ሰማያዊ ብቅ አለ።

እሜቴ ወደ ግራ ጋደል ብላ ቆማለች። አቡሽ ከጎማዎቿ ሥር ድንጋይ አድርጓል፣ ክሪኩንም አስገብቷል፤ መፍቻ ግን የለውም፣ መፍቻው ባሌ ጋ ነው። እማማ መንገዱ ዳር ብርድ ልብስ ጥቅል ላይ ተቀምጠዋል። ደህና ናቸው። 

አቡሽ መዳፉን ዘረጋ። ወልቀው ከመንገዱ ላይ የለቀማቸው ብሎኖች ናቸው። ከቀሩት አንዱ ጠፍቷል፣ ሌላው በጣት ይዞራል። ባያቆም ኖሮ ጎማው ቢበዛ አንድ መታጠፊያ ቢይዝለት ነው።

ባሌ ተንበረከከ። ጎማውን አስተካክሎ ብሎኖቹን ከአቡሽ እጅ እየተቀበለ ሰካ፤ ለጠፋው ምትክ ከመጠባበቂያው ጎማ፣ ከስኮርታው ማሰሪያ አንዱን ፈታ። ክሪኩን አስወረደና በመፍቻው እያቀያየረ ማጥበቅ ጀመረ።  የመጨረሻውን ሲጨርስ ያን ሁሉ መንገድ የዋጠው ፍርሃት ገንፍሎ ወጣ።

«አንተ ችኩል!» ብሎ ጮኸበት። «ኳ ኳ ሲልህ ጆሮህ የት ሄዶ ነበር? ብትሞትስ? እናቴን ይዘህብኝ ብትሞትስ?»

እማማ ከጥቅሉ ላይ ዘለው ተነሡና መሀላቸው ገቡ። «የኔ ልጅ፣ ወንድምህ እንኳን ተረፍክልኝ ነው የ...»

«እማዬ» አለ አቡሽ። እጃቸውን ይዞ ወደ ጎን ገለል አደረጋቸው። «ተይው። ሰምቼዋለሁ። እንደሱ ነው ያለኝ።»

 ባሌ መፍቻውን መሬት ሊያስቀምጥ ነው ብዬ ሳስብ፣ እጀታውን አዙሮ ለአቡሽ ዘረጋለት።

«እንካ። አንተ ደግመህ አጥብቀው።»

አቡሽ አየው። ከዚያ ተንበርክኮ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሞከራቸው። አንደኛዋ ጋ ሲደርስ ተጫነና ሲጥጥ ብላ ትንሽ ዞረች። የጋሽ አጥብቄን ብሎን! ቀና ብሎ ወንድሙን ተመለከተ።

«ይቺ ትንሽ ቀርቷት ነበር፣ ጋሼ» አለው ቀስ ብሎ።

«እሰይ። አጥብቃት» አለ ባሌ፤ ፊቱንም ወደ ገደሉ አዞረ። ከኔ ግን ጎኑ ስለቆምኩ አልተሰወረም። እያለቀሰ ነበር።