አንድ እጅ መድኃኒት፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ

ባህሪያ የመጨረሻዋን የልብ መድኃኒት ብልቃጥ አንገቷን ሰብራ ከፈተች። ጊንጆ ሰፈር በምትሠራባት በዚህች ፋርማሲ ሌላ የለም፤ በዚያ በ1970 ዓ.ም. ጅማን ሙሉ ቢያስሱም የሚገኝ አልነበረም። መድኃኒቱ ለአዋቂ ሰው የተሠራ ነው፤ የሚጠብቀው ግን የእህቷ የፈድሊያ አራስ ልጅ። ፈድሊያ ከሰርቦ አቅፋው መጥታ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣለች። የሕፃኑ ከንፈር ጠቁሯል።

ሕፃኑን ያየው ሐኪም «ሦስት ጊዜ አቅጥኚው» ብሏታል። አንድ እጅ መድኃኒት፣ ዘጠኝ እጅ የተጣራ ውሃ፤ ከዚያ ላይ አንድ እጅ ተወስዶ እንደገና ዘጠኝ፤ አሁንም እንደገና። ብልቃጡን እስከ ጠብታው ገልብጣዋለች፤ ያላት ብርጭቆ ሁለት ብቻ ስለሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው እያሻገረች የተረፈውን ትደፋለች። ባቀጠነች ቁጥር አንዲት የተቆላ ቡና ፍሬ ከብርጭቆው አጠገብ ታስቀምጣለች። ዱሮም የምትቆጥረው እንዲህ ነበር፤ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

የቀበሌው ጥበቃ ጀቤሳ ጠመንጃውን እንዳነገተ ዘው አለ።

«ያ ባህሪያ! ስብሰባ ላይ ስምሽ ተጠርቶ የለሽም። አብዮቱን ናቅሽ እንዴ?»

«ወላሂ ልጅ ታሞብን ነው ጀቤሳ። አሁን እመጣለሁ።»

«ሊቀመንበሩ ተቆጥቷል። ኋላ እኔን እንዳትወቅሺ!»

እያወራ ቡናዎቹን ለቀም አድርጎ አፉ ውስጥ ጣላቸው። ክፋት አልነበረውም፤ የተቆላ ቡና አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የጅማ ሰው የት ይገኛል? እየቆረጠመ ወጣ።

ባህሪያ ወደ ጠረጴዛው ስትዞር ክው አለች። ሁለት ነበሩ ወይስ ሦስት? ድንጋጤው ሁሉን ከራሷ ጠርጎ ወስዶታል። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ይመስላል፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ያው ውሃ ነው የሚመስለው። ሁለተኛው ከሆነ የሕፃኑን ልብ ቀጥ ያደርጋል። ደግማ ብታቀጥነውና ሦስተኛው ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ባዶ ውሃ ማጠጣት ነው። ያ ረቢ፣ ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው!

በእጇ ልትገድለው አልደፈረችም። ደግማ አቀጠነችው። ካልሠራ የፊተኛውን እሰጠዋለሁ ብላ ግን አልደፋችውም። ለሕፃኑ ምላሱ ላይ ጠብ ጠብ አደረገችለትና ጠበቁ። ከንፈሩ አልቀላም። የፊተኛውን ብርጭቆ አነሳች፤ አስቀመጠች፤ መልሳ አነሳች። ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት ሲሰገድ ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ ትንፋሹ ቆመ።

ፈድሊያ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ የእህቷን እጅ ያዘች።

«አልሃምዱሊላህ፣ መድኃኒት ሳያገኝ አልሞተብኝም። አንቺ ባትኖሪልኝ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለችና ጎንበስ ብላ እጇን ሳመችው።

ባህሪያ እጇን መንጠቅ አቃታት።