«ለቀቀኝ» የተባለው መንጋጋ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «እትዬ ሜትር» ነው የሚላት። መለኪያው ሜትር ከአንገቷ ወርዶ አያውቅማ! አፏም ሥራ አይፈታም፤ ስፒሉን በከንፈሯ ትይዛለች፣ ክሩን በፊት ጥርሷ ቀጭ ታደርጋለች። መቀሱ እጇ ሥር ተቀምጦ እንኳ ጥርሷ ይቀድማል።

አንድ ሰሞን ከታች በግራ በኩል ያለው መንጋጋዋ አበሳዋን አሳያት። ቀዝቃዛ ውሃ በነካው ቁጥር እስከ ጆሮዋ ድረስ ይጠዘጥዛታል። ቅርንፉድ ወተፈችበት፣ በጨው ተጉመጠመጠች፣ ሐኪም ቤት ግን ሞቼ እገኛለሁ ብላ ድርቅ አለች። ከዚያ ሕመሙ በራሱ ጊዜ ጥርግ ብሎ ጠፋ። «አላልኳችሁም? ለቀቀኝ!» እያለች በሰፈሩ ሁሉ ኮራች።

ወራት ቆይቶ ከዚያው መንጋጋ ሥር፣ ድዷ ላይ፣ እንደ ብጉር ያለ ነገር አበጠ። ብዙም አያምም፤ ብቻ ያስጠላል። እሷ ደግሞ የመርፌ ሰው ናት። ቀጭን መርፌ መርጣ በእሳት ለበለበችና መስታወት ፊት ቆማ ጠቅ አደረገችው። መራራ ነገር አፏ ውስጥ ፈሰሰ፤ ተፋችው፤ እብጠቱም ጎደለ። ከዚያ ወዲህ ባበጠ ቁጥር ጠቅ፣ ባበጠ ቁጥር ጠቅ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ልጇ ጠባይዋን የለወጠችው ይሄን ጊዜ ነው። አንድ ልጇ ናት፤ አብራት ስትሠራ ቁልፍ ትተክላለች፣ ትተኩሳለች እንጂ ደንበኛ ለክታ አታውቅም ነበር። አሁን ሰው ገና ከበር ሲገባ ሜትሩን ከእናቷ አንገት ላይ ላፍ ታደርጋለች።

«እማ፣ አንቺ የስፌት መኪናው ላይ ሁኚ። ዓይንሽን አታድክሚ።»

«ዓይኔ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ምንም። ልልመድ ብዬ ነው።»

እናት ነገሩን በሆዷ ያዘችው። ይቺ ልጅ በቁሜ ልትወርሰኝ ነው አለች።

አንድ ጠዋት የድሮ ደንበኛቸው መምህሯ ጨርቅ ይዛ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ልጅቷ ሜትሩን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ እናትየዋ መታ አደረገቻት።

«ዞር በይልኝ! የመምህርን ወገብ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ተጠግታ ትከሻዋን ስትለካ መምህሯ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ደረቷን ስትለካ ወደ በሩ። ሜትሩ ደረቷ ላይ ውልፍት አላለም፤ መምህሯ ትንፋሿን ይዛለች። ዕድሜዋን ደረት ስትለካ የኖረች ሴት ይሄ እንዴት ይጠፋታል?

«ተንፍሺ እንጂ መምህር፤ ኋላ ቀሚሱ ሊጠብሽ ነው!»

መምህሯ ተነፈሰች፤ ወዲያው መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። «ይቅርታ እትዬ፣ ጉንፋን ይዞኛል መሰለኝ። ሌላ ቀን ብመጣስ?» ብላ ጨርቁን ትታ ወጣች።

እናት ወደ ልጇ ዞረች። «ምን ብለሽ ነው የምታወሪብኝ?»

የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ። «ምንም አላወራሁም። እማ... አፍሽ ይሸታል። ሰው እየሸሸ ነው። እንዳትሳቀቂ ብዬ ነው እኔ የምለካው።»

ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ስንት ሰው አንገት ሥር ቆማ ስትቀልድ፣ ስትስቅ፣ ስትተነፍስ እንደከረመች እያሰበች ፊቷ እሳት ሆነ። ልጇንም ሌባ አድርጋት ነበር። ያን ቀን አፏን በመዳፏ ከድና፣ የምትፈልገውን በጣት እያሳየች ዋለች።

በማግስቱ ጉንጯ እንደ ኳስ ተነፍቶ አፏም እንደ ልብ አልከፈት አላት። በሻርፕ ተጠቅልላ፣ ልጇን አስከትላ ሐኪም ቤት ሄደች።

የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ናት። «አፍዎን ይክፈቱልኝ፣ እናቴ።»

«ይሸታል» አለች፣ ከሻርፑ ሥር።

«ሽቶ የሚሸት አፍ ይዞ እዚህ የመጣ የለም። ይክፈቱት።»

አየችላት። «ይሄ ድድዎ ላይ ያለውስ? የተወጋ ይመስላል።»

ልትዋሽ አሰበች። «በመርፌ ነው» አለች መጨረሻ ላይ። «በልብስ መርፌ።»

«እማ!» አለች ልጅቷ።

ሐኪሟ አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻላት ነበር።

«ሕመሙ የጠፋው ጥርሱ ስለዳነ አይደለም እናቴ፤ ውስጡ ያለው ነርቭ ስለሞተ ነው። ሥሩ ላይ የያዘው መግል መውጫ ሲፈልግ ነው ብጉር የሚሠራው። እንዲህ ያለ ብጉር፣ አፍ ውስጥ የሚመር ፈሳሽ፣ የማይለቅ ሽታ፣ ባያምም ሐኪም ይፈልጋል። ያኔ ቀዝቃዛ ሲነካው ሲጠዘጥዝዎት መጥተው ቢሆን ጥርሱን ልናተርፈው እንችል ነበር። እንዲህ ፊት ሲያብጥ ደግሞ ጭራሽ ማደር የለበትም።»

እትዬ ሜትር እንደ ተቀጣ ተማሪ አንገቷን ደፋች። መግሉ ወጣላት፣ መድኃኒት ተሰጣት፤ እብጠቱ ሲጎድል ተመልሳ ሄዳ መንጋጋውን አስነቀለች።

ዳነች፤ ሜትሩን ግን አላነሳችም። የመምህሯ ጨርቅ ሳይቆረጥ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። አንድ ቀን መምህሯ በመንገዱ ብቅ አለች፤ እናት ልትደበቅ ብድግ ስትል ልጅቷ ያዘቻት።

«እስቲ ተንፍሺብኝ።»

«ሂጂ ወዲያ!»

«ተንፍሺ አልኩሽ እማ።»

ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰች። ልጅቷ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተች። «የጥርስ ሳሙና ብቻ» አለችና ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አደረገችላት።

መምህሯ ስትገባ እትዬ ሜትር ራቅ ብላ ቆመች። «መምህር፣ ያን ቀን ጉንፋን አልነበረም። የኔ መንጋጋ ነው፤ ተነቀለ። ከከበደሽ ልጄ ትለካሽ።»

መምህሯ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ቦርሳዋን አስቀምጣ እጆቿን ለመለካት ዘረጋች።

ለካቻት። አሁን ትንፋሿን የያዘችው ግን እትዬ ሜትር ራሷ ነበረች፤ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ወገቡን አንዴም ሳትተነፍስ። ያን ጊዜ ከኋላ፣ ከመኪናው በኩል፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። ዞር ብትል ልጇ ክር በጥርሷ እየቆረጠች ነው። ከማን ተማረችው ይባላል!

«በመቀስ!» ብላ ጮኸች፣ የያዘችው ትንፋሽ ሁሉ በአንዴ መምህሯ ፊት ላይ እየወጣ።

መምህሯ ደነገጠች። ፊቷን ግን አላዞረችም።